ሎሚ የጠፋበት መስከረም

በእኛ ከተማ ሰው ጠዋት ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ግድግዳውን ያጥባል። ሙሉውን አይደለም፤ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የምድጃውን ዙሪያ፣ የመስኮቱን ደፍና የወለሉን ጥግ ጠረግ ጠረግ ያደርግና ጨርቁን ብርጭቆ ውስጥ ይጨምቀዋል። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ከተንጠለጠለው ጥቅል ላይ አንድ ምላስ ይቆርጣል። ምላስ የምንላት ጣት የምታህል ነጭ ወረቀት ናት። ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ በሩ ላይ ላለው የመስታወት ዓይን ያሳያታል። ነጭ እንደሆነች ከወጣች በሩ ይከፈታል፤ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ወይን ጠጅ ከሆነች በሩ አይከፈትም፤ ከውጭ መጥተው እስኪከፍቱት ይጠበቃል።

ይህን የምናደርገው ገና እንቅልፋችን ሳይለቀን ነው። እኔ አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታ ደርሼ «ዛሬ ነክሬያለሁ እንዴ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ባልነክር በሩ አይከፈትም ነበር፤ ስለዚህ ነክሬያለሁ። ከተማው ሰውን ከማሰብ ያሳረፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ስሜ ያፌት ነው። ከተማችን በካርታ ላይ ሌላ ስም አላት፤ ሰው ግን «አረንጓዴው» ነው የሚላት፣ ቤቱ ሁሉ አረንጓዴ ጡብ ስለሆነ። የጡቡ ታሪክ አጭር ነው። ቅድመ አያቶቻችን ቆዳ ሲያለፉ የክሮም ጨው ይጠቀሙ ነበር። ጨው ስል ወጥ ውስጥ የሚገባው እንዳይመስላችሁ፤ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ጥሬ ቆዳ ውስጥ ይገባና እንዳይበሰብስ አንቆ ይይዘዋል። ቆዳው ሳይጠጣው የቀረው ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። ወንዙ ሞተ፤ ጭቃው ዳርና ዳሩ ላይ ተከመረ። ልጆቻቸው ደግሞ ጭቃውን ጠፍጥፈው በትልልቅ እቶን ጠበሱትና ጡብ አደረጉት። ክሮሙ ጡቡ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ታሰረ። ቤት ሠሩበት፣ ትምህርት ቤት ሠሩበት፣ እኛንም ወለዱበት።

ትምህርት ቤት ስንገባ ከፊደል በፊት የምንማረው አንድ ዜማ አለ፦ አረንጓዴው ተኝቷል፣ ቢጫው ነቅቷል፣ የተኛውን አትቀስቅስ። እያጨበጨብን ነው የምንለው። ክሮም አረንጓዴ ሲሆን የዋህ ነው፤ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። ቢጫ ሲሆን ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ትንፋሽ ተከትሎ በአፍንጫ ይገባል፣ ቆዳ ይበሳል፣ ሳንባ ላይ ይቀመጥና ጊዜውን ይጠብቃል። ያው አንድ ነገር ነው፤ ጠባዩ ነው የሚለወጠው። እንደ አንዳንድ ዘመድ።

የእኔም እንጀራ ይኸው ነው። ለጡብ የማይሆነውን ጭቃ ወስደን ክሮሙን የምናወጣበት መልሶ ማውጫ የሚባል ቦታ እሠራለሁ። ጭቃው ከኖራ ጋር ተደባልቆ እቶን ውስጥ ሲቆላ ቢጫ ይወጣዋል። አሲድ ሲጨመርበት ወደ ብርቱካንማ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከወፍራም የብረት በር ጀርባ ነው፤ ሰው አይገባበትም። የመጨረሻው ሥራ የእኔ ነው፦ መስታወት ጀርባ ቆሜ ብርቱካንማው ገንዳ ውስጥ የሸንኮራ ሞላሰስ እለቃለሁ። ጣፋጩ ሲገባበት ገንዳው ይንተከተካል፣ ይጠቁራል፣ ቀስ በቀስም አረንጓዴ ይሆናል። ተኛ ማለት ነው። ከዚያ በከረጢት ተሞልቶ እንደገና ለቆዳ ፋብሪካዎችና ለቀለም ሠሪዎች ይሸጣል።

እንግዲህ ኖራና እሳት አረንጓዴውን እንደሚቀሰቅሱት ከእኔ በላይ ሊያውቅ የሚገባ ሰው አልነበረም። ግን ሰው ሥራውን ሥራ ቦታ ትቶት ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ባለቤቴ ሄራን በጳጉሜን ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ሚጡ እንላታለን። ሄራንን ሊያርሱ እናቷ እማማ ኤልዳና ከነጓዛቸው መጡ። ኤልዳና ዛሬ የአሮጊት ስም ነው፤ በሳቸው ጊዜ የቆንጆ ልጃገረድ ስም ነበር ይላሉ። ወፍራም ድምፅ፣ ፈጣን እጅ አላቸው፤ አንድ ነገር ካሉ የሚመልሳቸው የለም።

ያን ክረምት ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ፈረቃ ነው። ስለዚህ እንደ ጌጥ ብቻ የተቀመጡት የጡብ ምድጃዎች ሥራ ጀመሩ፤ ቀበሌውም የተጨመቀ ከሰል አደለ። ቤቶቻችን በረድፍ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳው የጋራ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ምድጃ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ የእኛ ምድጃ ጀርባ ለጎረቤታችን ለአዴ ሲፈን መኝታ ነው፤ የልጅ ልጆቿ እዚያ ሙቀት ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። የእኛ መኝታ ደግሞ በግራ በኩል ያሉትን የአቶ ናሆምን ምድጃ ተደግፎ ነው። ሚጡን ያስተኛናት እዚያ ነው። የሰው እሳት በነጻ ሲሞቁት ደስ ይላል።

እማማ ኤልዳና በገቡ በማግስቱ ምድጃውን አዩና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምድጃ ነው፣ እማማ።»

«ምድጃማ መሆኑን አይቻለሁ። ጥላሸቱን ነው የምልህ። አራስ ያለችበት ቤት፣ ያውም ለዘመን መለወጫ፣ እንዲህ ጠቁሮ? ጠያቂ ሲመጣ ምን ይላል? የኤልዳና ልጅ ጉሮኖ ውስጥ ታረሰች ይበል?»

ኖራ አስገዙኝ። በባልዲ በጥብጠው ግድግዳውን፣ የምድጃውን አፍና ውስጡን ሳይቀር ቀቡት። ድሮ እናታቸው እንደዚህ ያደርጉ ነበር፤ የእናታቸው ግድግዳ ግን ጭቃና ጭድ ነበር። ምድጃው በረዶ መሰለ። ሄራን ከአልጋዋ ሆና «ኧረ አማረ!» አለች። እኔም አማረ አልኩ። ከዚያ እሳት ነደደ። አራስ ቤት እሳት አይጠፋም፤ ገንፎው አለ፣ አጥሚቱ አለ፣ የሚጡ ጨርቅ ማድረቅ አለ።

በአዲስ ዓመት ማለዳ የነቃሁት በእልልታ ነው። እማማ ኤልዳና ምድጃው ፊት ቆመው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ና እይ! አደይ በቤታችን ፈነዳ! ለዚች ልጅ ነው፤ ገድ ያላት ልጅ ናት!»

ከምድጃው አፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ነጩ ኖራ ላይ፣ ቢጫ ወጥቷል። አንዳንድ ቦታ ነጠብጣብ ነው፤ ጡብና ጡብ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ወፍሮ ተጋግሯል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እኔ ግን ቀለሙን አውቀዋለሁ። በብረት በር ጀርባ የምንሠራውን ሥራ አማቴ በኖራና በከሰል ቤቴ ውስጥ ሠርተውታል።

«እማማ፣ አይንኩት።»

«ነክቼዋለሁ እኮ፤ ዱቄት ነው።» ቢጫ የሆነውን ጣታቸውን አሳዩኝ።

አስታጠብኳቸው። ግድግዳውን ጠርጌ ጨርቁን ብርጭቆ ውስጥ ጨመቅሁና ምላሷን ነከርኩ። ቀለሙ የወጣው ወዲያውኑ ነው። የጥምቀት ቀን የካህናት ካባ ላይ የሚታየው ዓይነት፣ ድምቅ ያለ ወይን ጠጅ። ወደ በሩ ዓይን ሳላዞራት በጡጫዬ ጨብጬ ኪሴ ከተትኳት።

ወይን ጠጅ ከታየ ምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቤት ብቻውን አይወጣም፤ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ረድፉ በሙሉ ይወጣል። ከዓመታት በፊት ታች ወንዙ ዳር ያለውን ረድፍ አውጥተው ሜዳው ላይ ካለው የቆርቆሮ መጋዘን አስገቧቸው። ዝናብ ነበር። ከሕፃናቱ ክረምቱን የዘለቁት ጥቂቶች ናቸው። የቤታቸውን ጡብ አፍርሰው አዲስ የአጸደ ሕፃናት አጥር ሠሩበት።

ሄራን ከአልጋዋ ታየኛለች። ኪሴ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«ያፌት» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህችን ልጅ ቆርቆሮ ውስጥ አላስገባም።»

ያን ጊዜ ነው ሞላሰሱ ትዝ ያለኝ። ቤት ውስጥ ሞላሰስ የለም። ስኳርም ያለ እሳት ሥራው ቀርፋፋ ነው። ሎሚ ግን ለበዓሉ ዓሣ ተገዝቶ ተቀምጧል። ሎሚ ውስጥ ያለው ነገር ቢጫውን እንደሚያስተኛው ሥራ ቦታ ስንቀልድ ሰምቻለሁ። አንዱን ለሁለት ሰንጥቄ ግድግዳውን አሸሁት። ቢጫው ዓይኔ እያየ ደበዘዘ፣ ቀዘቀዘ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። እንደገና ጠርጌ እንደገና ነከርኩ። ነጭ። በሩ ተከፈተ።

ያን ቀን ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩት። በመንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው የሄድኩት።

በማግስቱ ቢጫው ተመልሶ ነበር። እሳቱ ሌሊቱን ሲነድ ሌላ ያወጣል። እንደገና ሎሚ፣ እንደገና ነጭ። ኖራውን በቢላ ልፋቀው ብዬ ሞከርኩ፤ ጡቡ ጠጥቶታል፤ አቧራው ብቻ ነው የተረፈኝ። ከዚያ በኋላ ማሸቱን እማማ ኤልዳና ከእጄ ቀሙኝ። «ወንድ ግድግዳ ሲያሽ አያምርም» አሉ። እውነቱ ግን ማታ ለሄራን የነገሯት ነው፤ እኔ እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰማሁት። «እኔ ያመጣሁት ጣጣ ነው» ነበር ያሉት።

እረፍት የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። ሥራ ቦታ ቆሜ ገንዳው አረንጓዴ ሲሆን ሳይ የሚታየኝ የቤቴ ግድግዳ ነው። ምሳዬን ግማሽ ላይ እተዋለሁ። የበር ድምፅ ስሰማ እደነግጣለሁ። ሄራን ሚጡን አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን ታስተኛለች፤ ሲተኙም ሲነሱም ግድግዳውን ነው የሚያዩት። እማማ ኤልዳና እሳቱ ላይ ከሰል በጨመሩ ቁጥር ይማተባሉ።

«እሳቱን ብናጠፋውስ?» አልኩ አንድ ቀን።

«አራስ ቤት? በዚህ ብርድ?» አሉ፤ ግን ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። አጠፋነው። ልጅቷን በጋቢ ላይ ጋቢ ጠቀለልናት። ጠዋት ምድጃው ንጹሕ ነበር፤ ምላሷ ግን ደግሞ ወይን ጠጅ ሆነች። ቤቱን ሁሉ ስዳብስ ከሚጡ ራስጌ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሞቀኝ። ትራሷን አንስቼ አየሁ። ጡብና ጡብ በተገናኙበት ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ። ከዚህኛው ወገን እሳት ነዶ አያውቅም። የአቶ ናሆም እሳት ነው።

ከቀሩን ሁለት ሎሚዎች በአንዱ ግድግዳውን አሽቼ በሩ ሲከፈት ሎሚ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሎሚ ሻጯ ዕቃዋን እያጣጠፈች ነው።

«ሎሚ አለሽ?»

«ሎሚ?» ብላ ሳቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከየት አገር ነው የመጡት? ገና ከተሸካሚው ትከሻ ሳይወርድ ነው የሚነጥቁኝ።»

«እነማን?»

«አገሩ ሁሉ ነዋ! ጉንፋን ገብቷል ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ጉንፋን አይቼ አላውቅም፤ የሚያስል ሰው የለም፣ ሎሚ የማይገዛ ሰው ግን የለም።» ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔስ ብሆን ለቤቴ አስቀርቼ አይደል?»

ዞር ብዬ ገበያተኛውን አየሁ። ሁሉም ዘንቢል ይዟል፤ በሁሉም ዘንቢል አፍ ላይ ጎመን አለ። ከተማው በአንድ ቀን ጎመን ወዳድ ሆነ ማለት ነው። አዴ ሲፈን ባጠገቤ ስታልፍ ሰላም አለችኝና ዘንቢሏን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረች። ከጎመኑ ሥር አንድ ሎሚ ሾልኮ ወደቀና እግሬ ሥር ተንከባለለ። ሁለታችንም አየነው። አንስቼ ሰጠኋት።

«ለጉንፋን ነው» አለች።

«እግዜር ይማርሽ» አልኳት።

እኔ ብቻ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከተማው በሙሉ ኖራውን ቀብቷል፣ ከተማው በሙሉ እሳት አንድዷል፣ ከተማው በሙሉ ማለዳ ማለዳ ግድግዳውን በሎሚ ያሻል። በአደባባዩ ትልቅ ሰሌዳ ላይ እንደ ወትሮው «ከተማችን ዛሬም ንጹሕ ናት» የሚል ይነበባል። ከሥሩ ሰው በአፍንጫው እየተነፋነፈ ያልፋል።

በነጋታው ማለዳ እማማ ኤልዳና ብርጭቆ ሲያቀብሉኝ ጣቶቻቸውን አየሁ። አንጓዎቹ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዳራቸው ያበጠ፣ መሐላቸው የጎደጎደ። እጃቸውን ለመደበቅ ቸኮሉ።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም፤ ያ ነው የሚገርመኝ። ልጄ፣ ሰው ሲበሳ እንዴት አያመውም?»

በዚህ መሐል ሚጡ አነጠሰች። ሕፃን ስታነጥስ ቤት ሁሉ ይስቃል፤ «ይማርሽ» ልንል ሦስታችንም ዞር አልን። ሄራን ልጅቷን ቀና አደረገቻት። በቀኝ አፍንጫዋ ሥር የክር ያህል ቀጭን ደም ነበር።

ሄራን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና ጨርቁን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቆርቆሮውን ነው የፈራሁት» አለች። «እዚሁ እያስገደልኳት ነው።»

የቀረን አንድ ሎሚ እማማ ኤልዳና እጅ ላይ ነበር። ወስጄ አስቀመጥኩት። ግድግዳውን ያለ ሎሚ ጠረግሁ፤ ጨመቅሁ፤ ነከርኩ። ወይን ጠጅ። ምላሷን ለበሩ ዓይን ያዝኩለት። ረድፉ ሁሉ፣ የአዴ ሲፈን የልጅ ልጆች፣ አቶ ናሆም፣ ሁሉም በእኔ ምክንያት ሜዳ ላይ ሊበተኑ ነው። ያን አውቃለሁ። ያን እያወቅሁ ያዝኩለት። በሩ አልተከፈተም።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሄራን ጓዝ ማሰር ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ በሩ ከውጭ ተከፈተ። ወታደር፣ መኪና፣ የሚጮህ ድምፅ ጠብቄ ነበር። የቆመችው አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ብቻ ናት፤ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍናለች፤ በአንድ እጇ ከረጢት ይዛለች።

«አቶ ያፌት? ብሌን እባላለሁ፤ ምላሶቹን ከሚያየው ከቀለም ጽሕፈት ቤት ነኝ። እንኳን ማርያም ማረቻችሁ።»

እማማ ኤልዳና «አሜን» አሉ፤ ልማድ ሆኖባቸው።

«የወረቀት ብልሽት ነው ተብሏል» አለች ብሌን። «አንዳንዴ ጥቅሉ እርጥበት ሲነካው ይሳሳታል። ሌላ አምጥቼላችኋለሁ።»

«ወረቀቱ አልተሳሳተም። ግድግዳውን ተመልከቺው እስቲ።»

አልተመለከተችውም። ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አፉን ፈታችው። ሎሚ ነው። ከገበያ የጠፋው ሎሚ፣ ጢም ብሎ የሞላ።

«ከማሳየታችሁ በፊት በደንብ ካሻችሁት ይበቃል» አለች። «ሲያልቅ ንገሩን፤ እናመጣለን።»

ሄራን ልጅቷን ታቅፋ ቀረበቻት። «እህቴ፣ ልጄ ደማች።»

ብሌን ጭምብሏን ዝቅ አደረገች። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ዳር ዳሩ ቀልቶ ተልጧል፤ ድምፅዋም ያለ ጭምብል ንፍንፍ ያለ ነው።

«የት እንውሰዳችሁ?» አለች። ተራ ሰው ሆና ነው የጠየቀችው። «ረድፉ ሁሉ ነው እኮ። ሁሉም ረድፍ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ቆርቆሮ ለማን ይበቃል? ይሄ ጡብ መርዝ ነው ከተባለ ነገ ማን ዕቃችንን ይገዛል? የእኔም ቤት እንደዚሁ ነው። እናቴ ናት ኖራውን የቀባችው።»

«እና እስከ መቼ?» አልኳት።

«ክረምቱ እስኪያልፍ፣ መብራት እስኪመለስ» አለች። መብራት እስኪመለስ! እሷም የተናገረችው ለራሷ ሳይጥማት ጭምብሏን መለሰችና በሩን ክፍት እንደተወችው ሄደች።

ቆርቆሮ አልመጣም፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ያህል ቂም የያዝኩበት ቀን ግን አላውቅም። የፈራነው ሁሉ ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ሊያድነን የሚችልም አልነበረም። ሁላችንም እርስ በርስ እየተፈራራን ልጆቻችንን በሎሚ ስንሸጥ ነው የከረምነው።

እማማ ኤልዳና ተነሡ። መቀነታቸውን አጠበቁ።

«ሄራን፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ። ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጪ፤ ነፋሱ ከዚያ ወዲህ እንዲሆን አድርጊ።»

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ውጪ አልኩሽ እኮ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መዶሻ አለህ?»

«የረድፍ ግድግዳ መንካት ክልክል ነው፣ እማማ።»

«ክልክል! ወረቀቱም ተሳስቷል፣ ግድግዳውም ክልክል ነው፣ ልጅቷስ? መዶሻውን አምጣ። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔው ነኝ።»

አመጣሁ። ግን አቧራው እንደሚገድለን ስለማውቅ የመንግሥትን ሎሚ በሙሉ ባልዲ ውስጥ ጨመቅነውና ግድግዳው ላይ ደፋነው። ቢጫው እየፈሰሰ አረንጓዴ ሆነ። እርጥብ ጨርቅ አፍንጫችን ላይ አሰርን። ልምታ ብላቸው እምቢ አሉ። የመጀመሪያውን የመቱት እሳቸው ናቸው፤ መዶሻውን ሲያነሡ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። እርጥቡ ጡብ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ እየተቀባበልን መታን። የምድጃው አፍ ተናደ፤ ወገቡ ተናደ፤ ከወዲያ የሰው ድምፅ ተሰማ፤ የአዴ ሲፈን የልጅ ልጆች ሲያለቅሱ ነው። ኋላ አንድ ሙሉ ጡብ ወደ ማዶ ወደቀና ብርሃን መጣ።

በቀዳዳው አየን። ልጆቹ አልጋቸው ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ከነሱ በስተጀርባ፣ ከማዶው ግድግዳ ሥር፣ አዴ ሲፈን በራሷ ምድጃ ፊት ተንበርክካለች። ምድጃዋ እንደ መስቀል ሜዳ ቢጫ ነው። በእጇ የተቆረጠ ሎሚ ይዛለች። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ ስትሰርቅ እንደተያዘች ሴት ደርቃ ቀረች።

እማማ ኤልዳና ጨርቁን ከአፋቸው አወረዱ።

«እንደምን አደርሽ፣ አዴ ሲፈን።»

«እግዜር ይመስገን» አለች፤ ከልማድ። ዓይኗ እማማ ኤልዳና መዶሻ በያዙበት እጅ ላይ፣ በአንጓዎቹ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ የራሷን እጅ ተመለከተች። ሎሚውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሣችና ልጆቹን አንድ በአንድ በቀዳዳው አሻግራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ሄራን ወዳለችበት ወሰድኳቸው።

ስመለስ እጇን በቀዳዳው ዘርግታለች።

«ያን መዶሻ ወዲህ ያቀብሉኝ» አለች። «ከዚህ ማዶ ደግሞ የነ ገመቹ ሕፃን አለ።»

እማማ ኤልዳና መዶሻውን አቀበሏት። አዴ ሲፈን ወደ ምድጃዋ ስትዞር እኔ የሚጡን ፍራሽ ልወስድ ወደ ግራው፣ ወደ አቶ ናሆም ግድግዳ ሄድኩ። ፍራሹን ሳነሣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው መታ። አቆመ። ከዚያ እንደገና፣ አሁን በኃይል፣ መታ። የእኛ መዶሻ ግን አዴ ሲፈን እጅ ነበር።